ሌሊት ከኦንላይን ጓደኞች ጋር የፊልምና የጌም ወሬ እንዴት ይደምቃል (ከነጥያቄዎቹ)

ሌሊት ላይ 5 ሰው ቮይስ ቻት ይገባና ሁሉም ሚዩት አድርጎ ቁጭ ይላል፣ አንዱ «እሺ ምን ይወራ» ሲል ሌላው «እናንተ አምጡ» ይላል፣ ከዛ ዝም። እነዛው ሰዎች ደሞ በሌላ ቀን አንድ የድሮ ጌም ይነሳና እስኪነጋ ሲጨቃጨቁ ያድራሉ። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ የተለየው የተነሳው ጥያቄ ነው። ጥሩ ጥያቄ ይዞ የገባ አንድ ሰው እንኳን ካለ ሌሊቱ ይሄዳል፣ ከሌለ አይሄድም፣ በቃ። ስለዚህ እዚህ አብዛኛው የምጽፈው ስለ ጥያቄ ነው፣ ሴቲንግ ምናምን የሚባለውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

ደረጃ 1፦ ሰውና ሰዓት

ከ4 እስከ 6 ሰው በቂ ነው። ከዛ ሲበዛ ሁለት ሰው ብቻ ያወራና ሌላው ራዲዮ አድማጭ ሆኖ ይቀራል። አፑ ሁሉም ሰው ስልክ ላይ ያለው ቢሆን ይመረጣል፣ ለዚህ ብላችሁ አዲስ አፕ ዳውንሎድ አድርጉ ካላችሁ ግማሹ ይቀራል። ዲስኮርድ ለድምፅና ለስክሪን ሼር ይመቻል፣ ቴሌግራም ደሞ ለጥያቄ ይመቻል (ለምን እንደሆነ ታች እመጣበታለሁ)፣ ሁለቱን ጎን ለጎን መጠቀምም ይቻላል።

ጓደኞቻችሁ የተለያየ አገር ከሆኑ «እኩለ ሌሊት ላይ እንገናኝ» ማለት ምንም ማለት አይደለም፣ የማን እኩለ ሌሊት? ዲስኮርድ ላይ ታይምስታምፕ የሚባል ነገር አለ፣ አንዴ ከላካችሁት እያንዳንዱ ሰው ስክሪን ላይ በራሱ አገር ሰዓት ተቀይሮ ይታያል። በሌላ አፕ ከሆነ ግን «ከአሁን 3 ሰዓት በኋላ» ብላችሁ ጻፉ፣ እሱን የሚሳሳት የለም።

ደረጃ 2፦ ድምፅ

ኢርፎን ግዴታ ነው። አንድ ሰው በስፒከር ካዳመጠ የሌላው ድምፅ ወደ ማይኩ ተመልሶ ይገባና ሁሉም የራሱን ድምፅ ሁለቴ ይሰማል፣ የሚገርመው ደሞ ጥፋተኛው ራሱ ምንም አይሰማውም፣ ስለዚህ «እኔ ጋ ሰላም ነው» የሚለው ሰውዬ ነው ብዙ ጊዜ ችግሩ።

ቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ በሹክሹክታ የምታወሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ኖይዝ ሰፕሬሽን (የጀርባ ጫጫታ የሚያጠፋው ሴቲንግ) ሹክሹክታውን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊቆርጠው ይችላል፣ ድምፅ ሲሰማ ብቻ ማይኩን የሚከፍተው ሴቲንግም ድምፃችሁ ዝቅ ካለ ጭራሽ ላይከፍትላችሁ ይችላል። ወይ ሴንሲቲቪቲውን አስተካክሉ ወይ ፑሽ ቱ ቶክ (በተን ስትጫኑ ብቻ ማይኩ የሚከፈትበት) አድርጉት፣ ማይኩንም ወደ አፋችሁ ጠጋ። ስለ ዳታ ብዙ አትጨነቁ፣ የዲስኮርድ ቮይስ ቻናል ሳትነኩት ሲሆን 64 ኪሎቢት በሰከንድ ነው፣ አንድ ሰው ሳያቋርጥ ለአንድ ሰዓት ቢያወራ እንኳን 29 ሜጋባይት ገደማ ቢሆን ነው። ዳታ የሚበላው ቪዲዮ ነው።

ደረጃ 3፦ ጥያቄ ማዘጋጀት

ዋናው እዚህ ነው።

ሰው ጥያቄ አዘጋጅ ሲባል ዓመተ ምህረት ይሰበስባል። «ቴትሪስ መቼ ተሰራ?» (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) መልሱ 1984፣ አንዱ ይመልሳል፣ ሌላው «እሺ» ይላል፣ አለቀ። ምንም ወሬ አይወጣውም። አሁን ስለዛው ጌም እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ የመጀመሪያው ቴትሪስ ላይ የሚወርዱት ብሎኮች በምን ነበር የተሰሩት? ሰው ሁሉ ይገምታል፣ ነጥብ ነው፣ መስመር ነው፣ ካሬ ነው ምናምን። መልሱ ቅንፍ ነው፣ የጽሁፍ ቅንፍ፣ ምክንያቱም አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ጌሙን የጻፈበት ኤሌክትሮኒካ 60 የሚባል የሶቪየት ኮምፒውተር ፊደል ብቻ እንጂ ግራፊክስ አያሳይም ነበር። አሁን ወሬው ራሱ ይሄዳል፣ አንዱ ስለ መጀመሪያ ስልኩ ጌም ያነሳል፣ ሌላው ግራፊክስ ጌምን አበላሽቷል ብሎ ይነሳል፣ ሌላው «አንተ ደሞ ሽማግሌ» ይለዋል።

ስለዚህ ጥያቄ ስትመርጡ መመዘኛው አንድ ነው፣ መልሱ ከተነገረ በኋላ «ለምን?» የሚል ሰው ይኖራል ወይ? ከሌለ ጣሉት።

ይሄን የሚያልፉ የተወሰኑ ላስቀምጥ፣ እንዳለ ውሰዷቸው። ስፔስ ኢንቬደርስ (1978) ላይ ጠላቶቹ እያለቁ ሲሄዱ የቀሩት ለምን እየፈጠኑ ይመጣሉ? ሁሉም ሰው ጌሙን ለማክበድ ነው ይላል፣ የነገሩ መነሻ ግን ፕሮሰሰሩ ነው፣ ብዙ ጠላት ሲስል ይንቀራፈፋል፣ በተገደሉ ቁጥር የሚስለው ስለሚቀንስ ይፈጥናል፣ ሰሪው ቶሞሂሮ ኒሺካዶም አይቶ ደስ ስላለው እንዳለ ተወው። ማይንክራፍት ላይ ያለው ክሪፐር ከየት መጣ? የጌሙ ሰሪ ማርከስ ፐርሰን አሳማ ሊሰራ ነበር፣ ቁመቱንና ርዝመቱን ሲጽፍ አቀያየረውና ያ አስፈሪ የቆመ ነገር ወጣ። ጆውስ (1975) ላይ ሻርኩ ከፊልሙ ግማሽ በላይ እስኪያልፍ ድረስ በደንብ የማይታየው ለምንድነው? የሰሩት ሜካኒካል ሻርክ ጨው ውሃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ ስፒልበርግ ሳያሳይ ማስፈራት ነበረበት። ሶስቱም ላይ ችግር ወይ ስህተት ነው ነገሩን ያሳመረው፣ እንደዚህ አይነት ታሪክ ሌሊት ላይ በጣም ይሄዳል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሌላው በጣም የምወደው አይነት «የቱ ይቀድማል» ነው። የቁጥር ጥያቄ መጠየቅ አማሯችሁ ከሆነ ቁጥሩን አትጠይቁ፣ ሁለት ነገር አጋጩ። ለምሳሌ ኒንቴንዶ የተመሰረተው ታይታኒክ መርከብ ከመስመጡ በፊት ነው በኋላ? ሰው ይስቃል፣ ጥያቄው ራሱ ቀልድ ይመስላል። ኒንቴንዶ በ1889 የመጫወቻ ካርድ ሊያመርት ነው የተከፈተው፣ መርከቡ የሰመጠው በ1912 ነው፣ 23 ዓመት ይቀድማል። እንደዚህ ስትጠይቁ ምንም የማያውቀውም ሰው 50 በመቶ እድል አለው፣ ዝም ብሎ የነበረው ሰውዬ ማይኩን የሚከፍተው ያኔ ነው።

ሶስተኛው «ሶስቱን ጥሩ» የሚባለው ነው። 11 ኦስካር የወሰዱት ፊልሞች ሶስት ብቻ ናቸው፣ ጥሯቸው። ታይታኒክን (1997) ሁሉም ይላል፣ የሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ የመጨረሻውን (2003) አንድ ሰው አያጣም፣ ቤን ኸር (1959) ላይ ግን ሰዉ ይሰቃያል። እንደ ቡድን እንዲመልሱ ፍቀዱላቸው፣ እርስ በርስ ሲከራከሩ መስማቱ ነው ደስ የሚለው።

አራተኛው ሁሉም ሰው አውቀዋለሁ ብሎ የሚሳሳትበት ነው። የ1980ው ስታር ዋርስ ላይ ዳርዝ ቬደር ለሉክ አባቱ መሆኑን ሲነግረው የሚጀምረው በምን ቃል ነው? ሁሉም «ሉክ» ይላል። «ኖ» ነው። እዚህ ላይ ሰው ካልተማማለ አያምንም፣ ክሊፑን አዘጋጅታችሁ ግቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ኢንተርኔት ላይ ስለ ፊልም የሚዞረው ግማሹ ፈጠራ ነው። ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ (1939) ላይ ከኋላ ጫካው ውስጥ የተሰቀለ ሰው ይታያል የሚባለው ሌሊት ሌሊት የሚወራ ታሪክ አለ አይደል፣ የሚንቀሳቀሰው ነገር ትልቅ ወፍ ነው፣ ጫካውን እውነት ለማስመሰል ቀረጻው ቦታ ላይ ወፎች ለቀውበት ነበር። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ያላገኛችሁትን መልስ ይዛችሁ አትግቡ። ወይም ደሞ ውሸቱን ራሱን ጥያቄ አድርጉት፣ «እውነት ነው ውሸት ነው» ብላችሁ።

ስንት ጥያቄ ላዘጋጅ ለምትሉ 10 ከበቂ በላይ ነው፣ ጥያቄዎቹ ጥሩ ከሆኑ 4ቱን ሳትጨርሱ ይነጋል።

ደረጃ 4፦ አጨዋወቱ

ጠያቂው አንድ ሰው ይሁን፣ ግን በየጊዜው ይቀያየር፣ ሁሌ አንድ ሰው ከጠየቀ አስተማሪ መስሎ ይቀራል። ለአንድ ጥያቄ 15 ሰከንድ ስጡ። ጉግል የሚያደርግ ሰው ሁሌም አለ፣ ዝም ይላል ዝም ይላልና 14ኛው ሰከንድ ላይ የዳይሬክተሩን የአባት ስም ጨምሮ ይመልሳል። እሱን መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም፣ ሰዓቱን ማሳጠርና ለመጎግል የማይመች ጥያቄ መጠየቅ ይሻላል። ለመጎግል የማይመቹት እነዚህ ናቸው፦ ከፊልም አንድ ምስል ቆርጦ ጥግ ጥጉን ብቻ አሳይቶ «ምን ፊልም ነው»፣ ፊልሙን በኢሞጂ ብቻ ጽፎ ማስገመት፣ የጌም ድምፅ ለ2 ሰከንድ ማጫወት (ሳንቲም ሲለቀም፣ ሜኑ ሲከፈት ምናምን)፣ እና ሁለት እውነት አንድ ውሸት። የመጨረሻው በጣም ቀላል ነው፣ ስለ አንድ ጌም ሶስት ነገር ትናገራላችሁ፣ ውሸቱን ይለያሉ። ውሸቱን አሰልቺ አድርጉት፣ እውነቶቹን ደሞ የማይመስሉትን ምረጡ። ለምሳሌ አታሪ ያልተሸጡ የጌም ካሴቶቹን በ1983 በረሃ ውስጥ ቀብሯል፣ በ2014 ተቆፍረው ወጥተዋል ብትሉ ማንም አያምናችሁም፣ እውነት ነው ግን፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ የሚባል ከተማ ነው የተደረገው።

ቴሌግራም ለጥያቄ ይመቻል ያልኩት ፖል (ድምፅ መስጫው) ላይ ኩዊዝ ሞድ ስላለው ነው። ትክክለኛውን መልስ አስቀድማችሁ ትመርጣላችሁ፣ ሰው ሲመልስ ወዲያው ያገኝ አያገኝ ይታየዋል፣ ደሞ ማብራሪያ የምትጽፉበት ቦታ አለ፣ «ለምን» ያልኩትን እዛ ትከቱታላችሁ። አንዴ የመለሰ ሰው መቀየር አይችልም፣ ይሄም ጥሩ ነው። ቮይስ መግባት የማይችል ሰው ካለም በጽሁፍ አብሮ ይጫወታል።

ነጥብ ያዙ፣ ግን አትክረሩበት። ሁሌ አንድ ሰው የሚያሸንፍ ከሆነ በሚቀጥለው እሱን ጠያቂ አድርጉት፣ ተገላገላችሁ።

ደረጃ 5፦ ስፖይለር

ስፖይለር ማለት ላላየ ሰው የፊልሙን ታሪክ ቀድሞ መናገር ነው፣ እዚህ ላይ ጓደኝነት ይፈርሳል። ግሩፑ ራሱ አንድ ህግ ይወስን፣ አዲስ ፊልም ከወጣ በኋላ ስንት ሳምንት አይነሳም የሚለውን፣ ከዛ በኋላ ያላየ የራሱ ጉዳይ። በጽሁፍ ከሆነ ዲስኮርድም ቴሌግራምም ላይ ጽሁፉን ከፊትና ከኋላ ሁለት ሁለት ቀጥ ያለ መስመር ስታደርጉበት ይሸፈናል፣ የፈለገ ነክቶ ያነበዋል። በድምፅ ሲሆን ግን መሸፈኛ የለም፣ «ያላየ አለ?» ብላችሁ ጠይቁና አንድ ሰው እንኳን ካለ ለ2 ደቂቃ ሚዩት ያድርጋችሁ፣ ሲያልቅ በጽሁፍ ጥሩት። አይቼዋለሁ ብሎ የዋሸ ሰው ደሞ ዋጋውን ያግኝ።

ደረጃ 6፦ ጭቅጭቁን መልክ ማስያዝ

«ከሁሉም ምርጡ ፊልም ምንድነው» ብሎ መክፈት ስህተት ነው፣ ሁሉም የራሱን ተናግሮ ማንም ማንንም አይሰማም። ድራፍት አድርጉት። በተራ በተራ ሁሉም ሰው አንድ ፊልም ይመርጣል፣ አንዴ የተመረጠ ድጋሚ አይመረጥም፣ የመጨረሻው ሰው ጋ ሲደርስ እሱ ሁለተኛውንም ይመርጥና ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሁሉም ሶስት ሶስት እስኪይዝ። ከዛ ማን ያማረ ዝርዝር እንዳለው በፖል ይለይ። አሁን ጭቅጭቁ «የኔ ይበልጣል» ከሚለው ወጥቶ «ያንን እንዴት በመጀመሪያ ዙር ትመርጣለህ» ወደሚለው ይሄዳል፣ ይሄኛው ደሞ ያስቃል እንጂ አያጣላም። ለጌምም ይሰራል፣ ለቪለንም (ለፊልም ክፉ ገጸ ባህሪ)፣ ለጌም ሙዚቃም።

አብራችሁ ፊልም ማየት ካሰባችሁ፣ የሚከፈልባቸው የፊልም አፖች በስክሪን ሼር ብዙ ጊዜ ጥቁር ስክሪን ነው የሚያሳዩት፣ ኮፒ እንዳይደረግ ብለው ነው። ቀላሉ ሁሉም የየራሱን ከፍቶ ቆጥራችሁ እኩል ፕለይ ማድረግ ነው። ስትቆጥሩ «ሶስት፣ ሁለት፣ አንድ፣ ፕለይ» ይሁን፣ «አንድ» ላይ ነው ወይስ «ፕለይ» ላይ ነው የሚጫነው የሚለውን አስቀድማችሁ ተስማሙ፣ ካልሆነ አንዱ ቀድሞ ይስቅና ቀልዱን ያበላሸዋል።

ደረጃ 7፦ መዝጋት

ስትጀምሩ ራሱ የሚያልቅበትን ሰዓት ተናገሩ፣ በማግስቱ ስራ ያለበት ሰው «ልሂድ» ለማለት ያፍራልና። የመጨረሻው ጥያቄ ማንም ያልመለሰው ቢሆን ይመረጣል፣ መልሱን አትንገሯቸው፣ ግሩፑ ላይ ፒን አድርጋችሁት ውጡ፣ ቀኑን ሙሉ ሰው እየመጣ ይገምታል፣ የሚቀጥለው ሌሊትም ከዛው ይጀምራል። ቀጣዩን ጠያቂም ሳትበታተኑ መድቡ፣ በማግስቱ ከጠየቃችሁ ፈቃደኛ አይገኝም። ሳይወጣ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው አድሚኑ ሚዩት ያድርገው፣ ማንኮራፋቱን ሪከርድ አድርጋችሁ ግሩፕ ላይ ልትለቁ ካሰባችሁ ግን ነቅቶ እሺ እስኪላችሁ ጠብቁ።