የሥራ መዘርዝር እንዴት ይዘጋጃል?

የሰው ሀብት አስተዳደር ሲባል ለብዙዎች ቀድሞ የሚታያቸው የቅጥር ማስታወቂያና ቃለ መጠይቅ ነው። ይሁን እንጂ ምልመላም ሆነ መረጣ፣ ሥልጠናም ሆነ የደመወዝ እርከን፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘናም ጭምር የሚመሠረቱት ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ በማወቅ ላይ ነው። ይህ ጥናት የሥራ ትንተና ይባላል። ከእርሱም ሁለት ነገሮች ይገኛሉ፤ አንደኛው ሥራውን የሚገልጸው የሥራ መዘርዝር ሲሆን፣ ሌላው ሥራውን የሚይዘው ሰው ሊያሟላ የሚገባውን የሚያመለክተው ተፈላጊ ችሎታ ነው።

በመጀመሪያ የሥራ መደቡን ዓላማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ለዚህ የሚረዳው ጥያቄ «ይህ መደብ ባይኖር ምን ይጓደላል?» የሚል ነው። አጥጋቢ መልስ ከታጣ፣ ቅጥር ከመፈጸም ይልቅ ተግባሮቹን ለነባር ሠራተኞች ማከፋፈል ይሻል ይሆናል።

ቀጥሎ መረጃ ይሰብስቡ፤ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም ይህ ደረጃ ነው። በእጅ የሚከናወንና ለዓይን የሚታይ ሥራ ቆሞ በመመልከት ሊጠና ይችላል፤ ዕቅድ የሚያወጣን ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ቢመለከቱት የሚያዩት ጠረጴዛ አጠገብ መቀመጡን ብቻ ስለሆነ ማነጋገር ያስፈልጋል። ሠራተኛውንና የቅርብ ኃላፊውን ለየብቻ ይጠይቁ፤ የሁለቱ መልስ የሚለያይበት ቦታ ብዙ ጊዜ የኃላፊነት ድንበሩ ያልተለየበት ቦታ ነው። የሚጠናው ሥራው እንጂ የሠራተኛው ብቃት አለመሆኑንም አስቀድመው ያስረዱ፤ አለበለዚያ ሥራውን አግዝፎ መናገር ወይም መደቡ ሊታጠፍ ነው ብሎ መስጋት ይከተላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ፍላናጋን እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ ያብራራው ዘዴ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዚህ ዘዴ «ጥሩ ሠራተኛ ምን ዓይነት ነው?» ተብሎ በደፈናው አይጠየቅም፤ ሥራው በጣም የተሳካበትን ወይም የተበላሸበትን አንድ የተወሰነ አጋጣሚና ሠራተኛው በዚያን ጊዜ ያደረገውን እንዲናገሩ ይደረጋል እንጂ።

ከዚያ ተግባሮቹን ይጻፉ። «ንብረት ያስተዳድራል» የሚል መስመር ለመጋዘን ሠራተኛ ምንም አይነግረውም። «የሚገባውን ዕቃ ከግዥ ማዘዣው ጋር አመሳክሮ ይረከባል፤ ጉድለት ሲያገኝ በዕለቱ ለግዥ ክፍል በጽሑፍ ያሳውቃል» ቢባል ግን ምን እንደሚሠራ፣ መቼና ለማን እንደሆነ ግልጽ ይሆናል፤ በኋላ ለምዘና መለኪያ የሚሆነውም ይኸው መስመር ነው። በመጨረሻ የምትቀመጠው «በቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች ያከናውናል» የምትለው የተለመደች ሐረግ ጥፋት የለባትም፤ ነገር ግን ሠራተኛው አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው በእርሷ ሥር ከሆነ ሰነዱ እንደገና መጻፍ አለበት።

ተፈላጊ ችሎታን የሚያወጡት ከእነዚህ ተግባሮች ነው። እያንዳንዱን መስፈርት «የትኛው ተግባር ይህን ይጠይቃል?» ብለው ይፈትኑት፤ መልስ የሌለውን ይሰርዙ። ዲግሪ የማያስፈልገው ሥራ ላይ ዲግሪ መጠየቅ ችሎታ ያላቸውን ከበር ይመልሳል፤ የተቀጠረውም ቶሎ ሰልችቶት ሊለቅ ይችላል።

የቃለ መጠይቁን ጥያቄዎችም ከዚሁ ሰነድ ያውጡ። ሁሉም አመልካቾች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቁ፤ ጠያቂዎቹም ከመወያየታቸው በፊት ለእያንዳንዱ መልስ ለየራሳቸው ነጥብ ይስጡ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን ሲመዝኑ ስለ ሰውዬው ያደረባቸው ጠቅላላ ስሜት በእያንዳንዱ ባሕርይ ላይ በሰጡት ነጥብ ላይ ይንጸባረቅ ነበር። ጥያቄና ነጥብ አሰጣጡ ከተግባር ጋር ሲተሳሰር ይህ አድልዎ ባይጠፋም ይቀንሳል።

በመጨረሻም የመደቡን መጠሪያ፣ ተጠሪነቱንና የተዘጋጀበትን ቀን አስፍረው በኃላፊ ያስጸድቁት፤ ለአዲሱ ሠራተኛም ሥራ በሚጀምርበት ዕለት ቅጂው ይሰጠው። መደቡ ክፍት በሆነ ቁጥር፣ ማስታወቂያ ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ የሚለቀው ሠራተኛ ሰነዱን ይዞ የትኛው ተግባር እንደቀረና የትኛው እንደተጨመረ መስመር በመስመር እንዲያመለክት ይጠይቁት።