ሐሳብ ሲነጥፍ ከየት ይቀዳል?

ስልኬ ውስጥ «ለሐሳብ ይሆነኛል» ብዬ ያጠራቀምኳቸው ፎቶዎች ከ2000 ይበልጣሉ። ያማሩ ሳሎኖች፣ የጀንበር መጥለቂያዎች፣ ድመቶች፣ ሥዕሎች። ተመልሼ ያየኋቸው ጥቂት ናቸው፤ ሥራ ላይ ያዋልኩት ግን አንድም የለም። የሠራሁባቸው ሐሳቦች ሁሉ የመጡት ቁጭ ብዬ፣ ትኩር ብዬ ካየኋቸው ጥቂት ነገሮች ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ብዙ ስለማየት አይደለም። ትንሽ ደብተር፣ እርሳስና በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃችኋል።

አንድ ነገር ምረጡ፣ ሳምንት አትለውጡት

«ተፈጥሮን ልመልከት» ብሎ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳያይ ይመለሳል፤ የቱን ያየዋል? መስኮታችሁ ሥር ያለ ዛፍ፣ አጥር ላይ የሚያርፍ ወፍ ወይም ጥግ ይዞ ድሩን ያደራ ሸረሪት ይበቃል። በየቀኑ ወደዚያው ሂዱ፣ ሰዓቱን ግን ቀያይሩት። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1892 እና በ1893 በሩዋን ከተማ ያለውን ካቴድራል ከ30 ጊዜ በላይ የሣለው ሌላ ሕንፃ ጠፍቶ አይደለም። ያው ድንጋይ በማለዳ ሰማያዊ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ወርቃማ እየሆነ ቢያስቸግረው ነው።

«ያምራል» የሚለውን ቃል ከደብተሩ አስወጡ

ያምራል ብላችሁ ከጻፋችሁ ማየት አቁማችኋል። ነገሩ ምን እንደሚመስል ትታችሁ ምን እንደሚሠራ በቅደም ተከተል ጻፉ።

እኔ አንድ ጊዜ ሸረሪት ስትሠራ ቁጭ ብዬ አየሁ። ክብ ድር የምትሠራዋ ዓይነት ናት። መጀመሪያ ከመሃል ወደ ዳር እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦዎች ክሮች ወጠረች። ቀጥላ ከመሃል ተነስታ እየዞረች ሰፋ ሰፋ ያለ፣ የማያጣብቅ ክር ዘረጋች። ይሄኔ ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ነበር። እሷ ግን ዳር ስትደርስ ፊቷን አዞረችና ወደ መሃል እየተመለሰች ጠበቅ ጠበቅ አድርጋ የሚያጣብቀውን ክር ትጥል ጀመር፤ የቀደመውን ክር ደግሞ እየቆረጠች ታነሳዋለች። ለካ ያ ግንበኛ እንደሚረማመድበት እንጨት ነበር፣ ሥራው ሲያልቅ የሚፈርስ።

ደብተሬ ላይ «መጀመሪያ የሚፈርሰውን ሥራ» ብዬ ጻፍኩ። ከወር በኋላ ሳሎኔን ላስተካክል ስነሳ ትዝ አለኝ። ሶፋውን እየጎተትኩ ወገቤን ከመቁረጥ ይልቅ በሶፋው፣ በጠረጴዛውና በመደርደሪያው ልክ አሮጌ ጋዜጣ ቆርጬ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ። ሁለት ቀን በመሃሉ ተመላለስኩ። ጠረጴዛው ሊሆን የነበረውን ጋዜጣ በቀን አሥር ጊዜ ስረግጠው ቦታው እዚያ እንዳልሆነ ገባኝ።

እንስሳውን «ምን ቸገረህ?» ብላችሁ ጠይቁት

የእንስሳ አካል ላይ ያለ ቅርጽ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ችግር የተገኘ መልስ ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ኤይጂ ናካትሱ ፈጣኑ የሺንካንሰን ባቡር ዋሻ ውስጥ ሲገባ አየሩን ገፍቶ በሌላው ጫፍ እንደ ፍንዳታ ያለ ድምፅ ያሰማ ስለነበር ተቸግሯል። ሰውየው ወፍ ማየት ይወዳል። ዓሣ የሚያጠምደው ትንሽ ወፍ ከስሱ አየር ወደ ከባዱ ውኃ ሲወረወር እምብዛም ውኃ አይረጭም፤ ምንቃሩ ረጅምና ሾጣጣ ነው። በ1997 ሥራ የጀመረው «500» የተባለው የሺንካንሰን ዓይነት ያንን ምንቃር የሚመስል 15 ሜትር ርዝመት ያለው አፍንጫ ተሠራለት።

ናካትሱ ጥያቄውን ይዞ ነው ወደ ወፉ የሄደው። ተቃራኒውም ይሠራል። ስዊዛዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል በ1941 ከውሻው ጋር ተንሸራሽሮ ሲመለስ ጭጎጎት ልብሱንም ውሻውንም ወርሶታል። ሌላው ሰው እየተራገመ የሚለቅመውን እሱ በማይክሮስኮፕ አየው፤ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ሜንጦዎች አገኘ። ዛሬ ጫማና ቦርሳ ላይ ጨርር እያለ የሚላቀቀው ቬልክሮ ከዚያ ነው የመጣው።

ከሥዕል አንድ ጥግ ብቻ ውሰዱ

ሙሉውን ሥዕል ለመረዳት አትታገሉ። ሦስት አራተኛውን በወረቀት ሸፍኑና በቀረው ጥግ ስንት ቀለም እንዳለ፣ የትኛው እንደሚበዛና የትኛው በጣም ትንሽ እንደሆነ ቁጠሩ። ከዚያ ጥጉን በእርሳስ ገልብጡት። መጥፎ ይወጣል። ለማንም አታሳዩ፤ እጅ ሲገለብጥ ዓይን ያላየውን ያያል፣ ሌላ ጥቅም የለውም።

ወደ ቤት ስታስገቡት ተጠንቀቁ

እዚህ ላይ ነው እኔ የተቃጠልኩት። የአንድ ቅጠል ጀርባ ላይ ያየሁትን አመድማ አረንጓዴ ወደድኩና ከቀለም ሻጩ ናሙና ጋር አመሳስዬ ክፍሉን ሙሉ አስቀባሁ። ቀን ላይ አረንጓዴው ይጮኻል፤ ማታ አምፖሉ ሲበራ ጭቃ ይመስላል። ቀለም ቀቢውን አማሁት። ሰውየው ምንም አላጠፋም ነበር።

ኬሚስቱ ሚሼል ኤዠን ሸቭረል በ1824 በፓሪስ የጎብላን ሽመና ቤት የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሲሆን ጥቁሩ ሱፍ ደብዛዛ ነው የሚል አቤቱታ ደረሰው። መርምሮ ሲያይ ማቅለሚያው እንከን የለበትም፤ ጥቁሩን ያደበዘዘው አጠገቡ የተሸመነው ሰማያዊ ነው። በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ ጎረቤት ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ እንዴት እንደሚለውጥ አስረዳ። የእኔም ጥፋት ይኸው ነው፤ ቀይ ምንጣፌ አረንጓዴውን ያጎላዋል፣ ቢጫማው አምፖል ደግሞ ይገድለዋል።

ስለዚህ ቀለሙን በትልቅ ካርቶን ላይ ቀቡ፣ ከምንጣፉና ከሶፋው አጠገብ አቁሙት፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እዩት። አምፖላችሁ ላይ የተጻፈውንም አንብቡ፦ 2700 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) ቢጫማ ነው፣ 5000 ወደ ቀን ብርሃን ይጠጋል። ከወፍ ቀለም ስትወስዱ ደግሞ መጠኑንም አብራችሁ ውሰዱ። ብዙ ወፎች ላይ ደማቁ ቀለም ጥቂት ቦታ ነው የሚይዘው፤ ደረት ላይ ያለችው ብርቱካናማ አንድ ትራስ ትሆናለች እንጂ ግድግዳ አትሆንም።

በሳምንቱ መጨረሻ ከደብተሩ አንድ መስመር ምረጡና በዚያው ቀን አንድ ትንሽ ነገር ሥሩበት። የሚመረጥ ከጠፋ የምታዩትን ነገር ቀይሩ።

እኔ በዚህ ሳምንት የያዝኩት የድመቴን አተኛኘት ነው። ጠዋት ከበሩ ሥር ትጀምርና ፀሐዩን ተከትላ ከሰዓት በኋላ መደርደሪያው ጥግ ትደርሳለች። ለማንበቢያ የሚሆነውን ብርሃን እሷ አሳየችኝ ብዬ ወንበሬን ትናንት ወደዚያ ጥግ ወሰድኩት። አሁን እሷ ተኝታበት እኔ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው።