«ዱፕት» ማለት መቼ ነው ልክ የሚሆነው?

አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «አይ ወዝ ዱፕት» ካላችሁ ተሸወድኩ ማለቱ ነው። ግሱ ዱፕ ነው። ኃላፊ ጊዜው ሲጻፍ በ«ኢዲ» ቢያልቅም ሲነበብ መጨረሻው «ት» ነው እንጂ «ድ» አይደለም።

ቃሉን ከመጠቀማችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። ሆን ብሎ የዋሸ ሰው አለ? ተበዳዩስ ውሸቱን አምኗል? ቀኑን ራሳችሁ ተሳስታችሁ ስብሰባ ቢያመልጣችሁ ማንም አልሸወዳችሁም፣ ስለዚህ ቃሉ አይሆንም። ስልካችሁን መንትፎ የሮጠ ሌባም ዱፕ አላደረጋችሁም፣ ምክንያቱም ያሳመናችሁ ነገር የለም። «አንዴ ልደውልበት» ብሎ ተቀብሏችሁ ከተሰወረ ግን፣ አዎ፣ እዚህ ጋ ቃሉ ቁልጭ ብሎ ይገባል።

ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ላይ ነው። ተታለን ያደረግነውን ለመናገር «ኢንቱ» እንላለን፣ ከዚያ የሚከተለው ግስ «ኢንግ» ይጨመርበታል፦ «ሺ ወዝ ዱፕት ኢንቱ ሳይኒንግ»፣ ተታላ ፈረመች። «ዱፕት ቱ ሳይን» አይባልም። የተበላባችሁን ገንዘብ ለመጥቀስ «አውት ኦፍ»፣ የሸወዳችሁን ሰው ለመጥቀስ ደግሞ «ባይ» ተጠቀሙ።

ዱፕ ስምም ይሆናል፣ በቀላሉ የሚታለል ተላላ ሰው ማለት ነው። ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ መነሻው ሞኝ ትባል የነበረች ጉትዬ ያላት ወፍ ስም እንደሆነ ይነገራል። እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ! «ዩ ወር ዱፕት» ስትሉ ጥፋቱ የአታላዩ ነው፤ «ዩ አር ኤ ዱፕ» ስትሉ ግን ተበዳዩን ራሱን እየሰደባችሁ ነው፣ ገንዘቡን ተበልቶ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ይህን መናገር ጭካኔ ነው።

ቲክቶክ ላይ ስለ ሽቶና ስለ ሜካፕ ሲወራ የምትሰሙት ዱፕ ሌላ ቃል ነው። «ዱፕሊኬት» ከሚለው ያጠረ ነው፣ ውዱን የሚመስል ርካሽ ዕቃ ማለት ነው። ገዢው አውቆ ስለሚገዛ ማታለል የለበትም፤ እንዲያውም «ጉድ ዱፕ» ማለት ሙገሳ ነው።

ከጓደኛ ጋር ስታወሩ፣ በተለይ ኦንላይን ገንዘብ ስለመበላት ከሆነ፣ «አይ ጋት ስካምድ» ይቀላል። ዱፕት በዜናና በጽሑፍ ላይ ይበልጥ ያምርበታል።