እረፍታችሁን ውጭ አገር ሕፃናት ማሳደጊያ ልታሳልፉ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የዓመት እረፍት ደርሷል። ትንሽ ገንዘብም ተጠራቅሟል። ባሕር ዳርቻ ተጋድሞ ከመመለስ አንድ ቁም ነገር ልሥራ የሚል ሐሳብ ይመጣል። ኢንተርኔት ሲከፈት መጀመሪያ ብቅ የምትለው ሕፃን ያቀፈች ሳቂታ ወጣት ናት። ከሥሯ «ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ልምድ አያስፈልግም» ይላል።

እኔም አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ቅጽ ሞልቼ ነበር። የቲሸርት ቁጥሬን ጠየቁኝ። የማይስማማኝ ምግብ ካለ ጠየቁኝ። ተከስሼ አውቅ እንደሆነ የጠየቀኝ ግን የለም። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ጉዳዩ ቶሎ በማለቁ ደስ ብሎኝ ነበር። ጉዞው በሌላ ምክንያት ቀረ እንጂ ከዚህ በታች ያሉትን ግማሹን እሠራቸው ነበር።

ልጆቹ ሁሉ ወላጅ የላቸውም ብሎ ማሰብ

ማሳደጊያ ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው እናትም አባትም የሞቱበት ልጅ ነው። ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት ግን በዓለም ዙሪያ በእነዚህ ቤቶች ከሚኖሩ አምስት ልጆች ቢያንስ አራቱ እናት ወይም አባት አላቸው። ብዙዎቹን እዚያ ያደረሳቸው ድህነት ነው። አንዳንዱ ለትምህርት ብሎ የተላከ ነው፣ አንዳንዱ የአካል ጉዳት ስላለበት የተተወ።

ታዲያ ቤተሰብ እያላቸው ለምን ወደ ቤታቸው አይመለሱም? አንዱ ምክንያት እኛው ነን። ካምቦዲያን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባሉት አምስት ዓመታት የማሳደጊያዎቹ ቁጥር በ75 በመቶ አደገ። በእነዚያ ዓመታት ጦርነት አልነበረም። የጨመረው ቱሪስቱና ይዞት የሚመጣው ገንዘብ ነው። ኔፓል ውስጥም አብዛኞቹ ማሳደጊያዎች የሚገኙት ድሃው ተራራማ ገጠር ውስጥ አይደለም፤ ቱሪስት በሚበዛባቸው እንደ ካትማንዱ ባሉ ቦታዎች ነው። ደላላው ገጠር ይወርድና እናትን «ልጅሽን ከተማ ወስጄ አስተምርልሻለሁ» ይላታል። ልጁ ከተማ ሲደርስ ወላጅ አልባ ነው የሚል ወረቀት ይወጣለታል። ጎብኚ እስካለ ገንዘብ አለ፤ ገንዘቡ እንዲቀጥል ደግሞ አልጋው ባዶ መሆን የለበትም።

አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018 የዘመናዊ ባርነት ሕጓን ስታወጣ፣ ልጆችን ለማሳደጊያ ብሎ መመልመልና ማዘዋወር ከባርነት ዓይነቶች ተቆጠረ። በዓመቱ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም፣ ማሳደጊያዎች ውስጥ የሚሰጥ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ልጆችን ለሕገወጥ ዝውውርና ለብዝበዛ ሊዳርግ እንደሚችል በውሳኔው አስፍሯል።

«ወዲያው ወደዱኝ» ብሎ መደሰት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የግቢው በር ይከፈታል። አራት ዓመት የማይሞላው ልጅ እየሮጠ መጥቶ ጉልበታችሁን ያቅፋል። ስማችሁን አያውቅም። ፊታችሁንም በቅጡ አላየም። «እቀፈኝ» ብሎ እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል። ዓይናችሁ እንባ ያቀርራል። ማታ ለጓደኛ የሚጻፈው መልእክትም የሚታወቅ ነው፤ «ፍቅር የተራቡ ልጆች ናቸው፣ በአንድ ቀን ተላመድን።»

አሁን ቤቱ የሚያድግ የአራት ዓመት ልጅ አስቡ። እንግዳ ሲመጣ ምን ያደርጋል? የእናቱን ቀሚስ ይዞ ከኋላዋ ይደበቃል። አንድ ዓይኑን ብቻ ያወጣና ያጮልቃል። ሰውየው ቡናውን ጠጥቶ ሊሄድ ሲል ነው ቀስ ብሎ የሚጠጋው። ጤነኛ ልጅ እንዲህ ነው፤ የእኔ የሚለው ሰው ስላለው ሌላውን ይፈራል። ያ የማሳደጊያ ልጅ ያልተደበቀው የሚደበቅበት ቀሚስ ስለሌለው ነው። ከማንም ጋር መሄድ የለመደ ልጅ ለክፉ ሰውም ቀላል ነው።

ሮማኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ አንድ ጥናት ማሳደጊያ ውስጥ የነበሩ 136 ሕፃናትን ለዓመታት ተከታትሏል። ግማሾቹ በዕጣ ለአደራ ቤተሰብ ተሰጡ። እነዚህ በአእምሮ እድገትም ከሰው ጋር በመቆራኘትም ከሌሎቹ የተሻሉ ሆኑ፤ ከሁለት ዓመታቸው በፊት የወጡት ደግሞ በብዙ ነገር ይበልጥ ተጠቀሙ። ሕፃን የሚፈልገው ቋሚ ሰው ነው፣ አንድም ቢሆን የማይቀየር።

እኛ ደግሞ እንቀየራለን። እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ሁለት ሳምንት ቢቆይ በዓመት 26 ሰው ያቅፈዋል፣ 26ቱም ጥለውት ይሄዳሉ። ለእናንተ አንድ መሰነባበት ነው። ለእሱ ስንተኛው እንደሆነ ቁጠሩት።

ስለዚህ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ እሹሩሩ ብሎ ማስተኛት የሞግዚቷ ሥራ ይሁን። እናንተ ጓዳ ገብታችሁ ድስት ብታጥቡላት እሷ ለልጁ ጊዜ ታገኛለች። የሕክምና ወይም የልዩ ፍላጎት ሙያ ካላችሁም ልጆቹን ትታችሁ ሠራተኞቹን አሠልጥኑ። እናንተ ስትሄዱ እነሱ ይቀራሉ።

በሩ በቀላሉ ሲከፈት እንደ ደግነት መቁጠር

ቤታችሁ አጠገብ ያለ መዋዕለ ሕፃናት ገብታችሁ «ልጅ እወዳለሁ፣ ሦስቱን ይዤ ሽርሽር ልሂድ» ብትሉ ምን ይሏችኋል? ዘበኛው ነው የሚያስወጣችሁ። ባሕር ተሻግራችሁ ስትሄዱ ይህ ለምን የተለየ ይሆናል?

ከወንጀል ነፃ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያልጠየቀ፣ በስልክ እንኳ ያላነጋገራችሁ፣ ከልጅ ጋር ብቻችሁን እንድትሆኑ የሚፈቅድ ቤት ለቀጣዩ ሰውም እንደዚያው ነው። ቀጣዩ ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ልጆችን የሚደፍሩ ሰዎች እንዲህ ያለውን ቤት ፈልገው ነው የሚሄዱት።

ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ፈቃዱን የሰጠው የትኛው የመንግሥት አካል ነው? ከምከፍለው ገንዘብ ስንቱ ቤቱ ይደርሳል? ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፤ ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ? ደህና ቤት ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ዝርዝሩን ያወራችኋል። ነጋዴው ርዕስ ይቀይራል።

የማያውቁትን ሥራ መሥራት

አገሩ ላይ ያላስተማረ ሰው ሻንጣውን እንዳስቀመጠ መምህር ይሆናል። ቀለማትን ያስተምራል። ልጆቹ ቀለማቱን ካለፈው ሳምንት አስተማሪ ተምረዋል፣ ከዚያ በፊት ከነበረውም። ግን ጨዋ ናቸው፤ እንዳዲስ ይደግሙለታል። ግድግዳ መቀባትም እንዲሁ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ቀለም ቀቢ እያለ አንዱ ቡድን የቀባውን ሌላው ደርቦ ይቀባዋል።

ፎቶ

የልጁ ስም፣ ፊት፣ የሚኖርበት ቤት፣ «እናቱ ጥላው ሄደች» የሚል ታሪክ፤ አንድ ፖስት ላይ። ሃያ ዓመት ሲሞላው ስሙን ፈልጎ ያገኘዋል። የራሳችሁን ልጅ እንዲህ አትለጥፉትም። ፖስት አታድርጉ፣ በቃ።

ቪዛውን ችላ ማለት

በብዙ አገር በቱሪስት ቪዛ መሥራት አይፈቀድም፤ ደመወዝ የሌለው ሥራም ሥራ ነው። «ቱሪስት ነኝ ብለህ ግባ» የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ፣ አየር ማረፊያ ላይ ዋሹ ካላችሁ ሌላ የት የት እንደሚዋሽ አስቡት።

ቀብድ ከፍላችሁ ከሆነስ? ዛሬውኑ ጻፉላቸው። ቤተሰብ የሚደግፍ፣ ልጆች ቀን ውለው ማታ ወደ እናታቸው የሚመለሱበት ፕሮግራም ካላቸው፣ ከልጆቹ ጋር ሳይሆን ከጀርባ በሚሠራው ሥራ እንዲመድቧችሁ ጠይቁ። ሦስቱን ጥያቄዎች ጨምሩበት። ለመልስ ሳምንት ስጧቸው። የልጆች ፎቶና የዋጋ ዝርዝር ብቻ ከመጣ ቀብዱ ይቅር።