ካራቫን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስትኖሩ ፍሳሹን እንዴት መያዝና ማስወገድ ይቻላል

ካራቫን ስል በራሱ ሞተር የሚሄደውንም በሌላ መኪና የሚጎተተውንም ማለቴ ነው። ሁለቱም የተሠሩት ለጉዞ ታስበው ነው። ሰው ለጥቂት ቀናት ወጣ ይላል፣ መንገድ ላይ ታንከሩ ይናጣል፣ የተናጠው ቆሻሻ ይሟሟል፣ ሲመለስ ይደፋል። አንድ ቦታ ቆሞ ወራትና ዓመታት የሚኖርበትን ካራቫን ግን የሚንጠው የለም። ቆሻሻው ባለበት ይረጋል፣ ይደርቃል፣ ይጠጥራል። የሽታውም የመዘጋቱም ጣጣ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። መፍትሔው ውድ ኬሚካል አይደለም። በቂ ውሃና የተዘጋ ቫልቭ ነው፤ ቫልቭ የምለው የታንከሩን መውጫ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ነው።

ታንከሮቻችሁን እወቁ

ብዙ ካራቫን ሦስት ታንከር አለው። አንዱ የንጹህ ውሃ ነው። ሁለተኛው ከሲንክና ከሻወር የሚወርደውን እጣቢ ይይዛል፤ ግራጫ ታንከር ይባላል። ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ነው፤ ጥቁር ታንከር ይሉታል። እያንዳንዳቸው ስንት ሊትር እንደሚይዙ ከመመሪያው ላይ አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በኋላ ብዙ ውሳኔ የምትወስኑት በዚያ ቁጥር ነው።

እጣቢውን «ውሃ ብቻ ነው» ብላችሁ አትናቁት። ውስጡ ቅባት፣ የምግብ ፍርፋሪና ከሰውነት የታጠበ ተህዋስ አለ። አንድ ሁለት ቀን ካደረ መሽተት ይጀምራል፤ አንዳንዴ ከጥቁሩ ይብሳል።

የት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ጨርሱ

ካራቫኑን ከማቆማችሁ በፊት የአካባቢውን አስተዳደር ጠይቁ። ከሕዝብ የፍሳሽ መስመር ጋር ማገናኘት ይፈቀዳል? ሴፕቲክ ታንክስ (መሬት ውስጥ የተቀበረ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ)? ፈቃድ ያስፈልጋል? መልሱ እንደየአገሩ ይለያያል፤ የጎረቤት ወሬ ይዛችሁ እንዳትጀምሩ።

ሜዳ ላይ፣ ቦይ ውስጥ ወይም ወንዝ ውስጥ መድፋት ግን የትም ቢሆን መፍትሔ አይደለም። ኮሌራ፣ ታይፎይድና የጉበት ብግነት ኤ (ሄፓታይተስ ኤ) ከዓይነ ምድር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ሰው የሚሄዱ በሽታዎች ናቸው። ከእናንተ ታንከር የወጣው የሌላ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እዚህ ላይ ድርድር የለም።

የፍሳሽ መስመር ካለ ቀላሉ እሱ ነው። ቱቦው ከካራቫኑ ወደ መስመሩ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል ቁልቁል ይውረድ። መሬት ላይ ዝም ብሎ የተዘረጋ ቱቦ መሐሉ ይረግባል፤ በረገበበት ቆሻሻ ይተኛል። ከሥሩ ድጋፍ አድርጉለት።

ሴፕቲክ ታንክ የሚሠራው በባክቴሪያ ነው። ጠጣሩ ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሐል ያለው ፈሳሽ ወደ አፈር ይሰርጋል። የካራቫን ፍሳሽ ትንሽ ውሃ ስላለው ወፍራም ነው። ፎርማልዲሃይድ ያለበት የሽንት ቤት ኬሚካል ከተጨመረበት ደግሞ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ታንኩ መሥራት ያቆማል። ስለዚህ ሴፕቲክ ላይ የምትለቁ ከሆነ ከፎርማልዲሃይድ ራቁ። የሴፕቲክ ክዳን ከፍታችሁም ጭንቅላታችሁን አታስገቡ። የሚከማቸው ጋዝ ሰው ይገድላል።

ሁለቱም ከሌሉ መምጠጫ መኪና በቀጠሮ ማስመጣት፣ ወይም ጎማ ባለው ተንቀሳቃሽ ታንከር ወደ ማራገፊያ ጣቢያ መውሰድ ይቀራል። ተንቀሳቃሹን ስትገዙ ክብደቱን አስቡ። 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው። 80 ሊትር የያዘ ታንከር ባዶው ክብደት ሳይቆጠር 80 ኪሎ ይሆናል፤ ዳገት ላይ እጅ ይፈታል። መስመሩ ከካራቫኑ ከፍ ብሎ ከሆነ ደግሞ ቆሻሻውን ፈጭቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አለ።

የጥቁሩ ቫልቭ ተዘግቶ ይኑር

ካራቫኑ ከመስመር ጋር ከተገናኘ በኋላ ቫልቩን ከፍቶ መተው ያጓጓል። እንደ ቤት ሽንት ቤት ራሱ ይፈስሳል ብሎ ማሰብ ነው። አይፈስም። የካራቫን ታንከር ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ቫልቩ ክፍት ከሆነ ፈሳሹ ወዲያው ሾልኮ ይሄድና ዓይነ ምድሩና ሶፍቱ ከመቀመጫው ሥር ይቀራሉ። በየቀኑ ሲጨመርበት ጉብታ ይሠራል። ጉብታው ሲደርቅ እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ እያደገም መቀመጫው ድረስ ይደርሳል። እዚያ ከደረሰ ወዲያ ሥራው የቀናት ነው።

ስለዚህ ጥቁሩን ዝጉት፤ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ ድረስም አትክፈቱት። ብዙ ፈሳሽ በአንዴ ሲወርድ ጠጣሩን ጠርጎ ይወስዳል። ሳይሞላ መድፋት ግድ ከሆነባችሁ በውሃ ሙሉትና ድፉ።

በግራጫው ላይ ሰዉ አይስማማም። ክፍት ቢተው ጉብታ አይሠራም፤ ነገር ግን ከፍሳሽ መስመሩ ሽታና ዝንብ ወደ ታንከሩ ይመጣሉ። እኔ ተዘግቶ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ቢለቀቅ እመርጣለሁ። ክፍት የምትተዉ ከሆነ ቱቦው ላይ ወደ ታች ጎንበስ ብሎ የሚነሳ፣ ሁልጊዜ ውሃ የሚይዝ እጥፋት አብጁ፤ ውሃው ጋዙን ያግደዋል። ጥቁሩን ከመድፋታችሁ አንድ ሁለት ቀን በፊት ግን ዝጉት። ምክንያቱን አሁን እናየዋለን።

አደፋፉ

ጓንት አድርጉ፤ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት ይሻላል። ሊረጭ ስለሚችል መነጽር አይቅር። አካባቢው ላይ ሲጋራ አይጨስ፤ ከታንከሩ የሚወጣው ጋዝ ሚቴን ሊኖርበት ይችላል።

መጀመሪያ ሁለቱም ቫልቮች መዘጋታቸውን አረጋግጡ። ከዚያ ነው የመውጫው ክዳን የሚከፈተው። ከሥሩ ባልዲ አስቀምጡ፤ ጥቂት ጠብታ አይጠፋም። ቱቦውን ካራቫኑ ላይ ግጠሙና እስኪቆለፍ አዙሩት፤ ሳብ አድርጋችሁም ሞክሩት። ሌላኛውን ጫፍ በጎማ ማሸጊያ መስመሩ ላይ አጥብቁ። መጋጠሚያው ላይ ብርሃን የሚያስተላልፍ ክፍል ቢኖር ገንዘቡን ያወጣል። የሚወርደው ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ መጥራቱን ጨምሮ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አሁን ጥቁሩን ክፈቱ። እያቅማማችሁ ሳይሆን በአንዴ እስከ መጨረሻው ሳቡት። ድምጹ መጀመሪያ ይጎርፋል፣ ከዚያ ይቀንሳል፣ ጸጥ ይላል። ጸጥ ሲል አልጨረሰም። ሽንት ቤቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ባልዲ ውሃ ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ ሌላ ጠጣር ይዞ ይወርዳል። በብርሃን አስተላላፊው የሚታየው ውሃ እስኪጠራ ድገሙት።

ካራቫናችሁ የታንከር ማጠቢያ መስመር ካለው ተጠቀሙበት፤ ግን ቫልቩ ተዘግቶ ውሃው እየገባ ከሆነ ንቅንቅ አትበሉ። ታንከሩ ከሞላ መሄጃው ወደ ሽንት ቤቱ ነው፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ለማጠቢያ የምትጠቀሙበት የውሃ ጎማ ከመጠጥ ውሃው ፈጽሞ የተለየ ይሁን፤ ቀለሙም ይለይ፣ ማስቀመጫውም ይለይ።

ጥቁሩን ዝጉና ግራጫውን ክፈቱ። ሲያጠራቅም የቆየው ሳሙናማ እጣቢ ቱቦውን ያጥበዋል። ግራጫውን ቀድማችሁ ዝጉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሲጨርስ ዝጉት፣ ቱቦውን ከካራቫኑ በኩል ከፍ እያደረጋችሁ አራግፉ፣ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ፣ ክዳኖቹን መልሱ። ጓንቱን ጥላችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋውም ይህን ነው። ጥቁሩ ታንከር ባዶውን አይደር። ከ10 እስከ 15 ሊትር ውሃ ጨምሩበት። ወለሉ በውሃ ከተሸፈነ የመጀመሪያው ቀን ቆሻሻ አይጣበቅም።

ምን ይግባ፣ ምን አይግባ

ወደ ጥቁሩ የሚገባው ከሰው የወጣና ቶሎ የሚሟሟ ሶፍት ብቻ ነው። ሶፍቱን ለመፈተን ጥቂት ቅጠል ውሃ ባለው ብልቃጥ ውስጥ ጨምሩና ናጡት። ወዲያው ከተበጣጠሰ ይሆናል፤ ቅጠል እንደሆነ ከቀረ ይለወጥ። እርጥብ ሶፍት፣ ሞዴስ፣ ዳይፐርና ጥጥ በፍጹም አይግቡ፤ እርጥብ ሶፍቱ ማሸጊያው ላይ «ውሃ ውስጥ ይጣላል» ቢልም።

ውሃ መቆጠብ ተገቢ ነው፤ ቁጠባው ግን ሻወርና ሲንክ ላይ ይሁን። ሰውነት ሳሙና እየተቀባ ውሃውን መዝጋት ብቻውን ብዙ ያድናል። ሽንት ቤቱ ላይ ግን አትሰስቱ። ከዓይነ ምድር በኋላ መቀመጫውን ሞልቶ መልቀቅ ተገቢ ነው።

ሳህን ከመታጠቡ በፊት ቅባቱና ፍርፋሪው በወረቀት ይጠረግ፤ ሲንኩ ላይም ወንፊት ይኑር። ቅባት ግራጫው ውስጥ ረግቶ የሚሠራው ሽታ ቶሎ አይለቅም።

ሲሸት

በረኪና አትጨምሩ። ሽንት አሞኒያ ይፈጥራል፤ በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። በጠባብ የካራቫን ሽንት ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይልቅ ምንጩን ፈልጉ። መቀመጫው ውስጥ ውሃ ይቆማል? ካልቆመ የጎማው ማሸጊያ ቆሽሿል ወይም አልቋል። ብዙ ያልተጠቀማችሁበት ሻወር ወይም ሲንክ አለ? ከሥሩ ያለው የታጠፈ ቱቦ ውሃው ሲደርቅ ጋዝ ያሳልፋል፤ ኩባያ ውሃ አፍስሱበት። ጣሪያ ላይ ያለው የታንከሩ መተንፈሻ በወፍ ጎጆ ወይም በቅጠል ተዘግቶ ይሆናል። የሽንት ቤቱን ውሃ ስትለቁ የጣሪያው ማራገቢያ እየሠራ ከሆነም ሽታውን ከታንከሩ ወደ ቤት ይስበዋል፤ መጀመሪያ አጥፉት።

ቆሻሻውን በባክቴሪያና በኢንዛይም የሚያብላሉ ምርቶች ይረዳሉ፤ በቂ ውሃ ከሌለ ግን ምንም አይፈይዱም።

ታንከሩ ባዶ ሆኖ መለኪያው «ሙሉ» ቢል አትደንግጡ። ብዙዎቹ መለኪያዎች ታንከሩ ግድግዳ ላይ ያሉ ትንንሽ ብረቶች ናቸው። ሶፍት ከተለጠፈባቸው ይሳሳታሉ። መጨረሻ የደፋችሁበትን ቀን መጻፍ የበለጠ ያስተማምናል።

ሲዘጋ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አወራረዱ መዘግየት ሲጀምር፣ ወይም መቀመጫው ውስጥ ስታዩ ጉብታው ከታየ፣ በዚያው ቀን ጀምሩ። ቫልቩን ዝጉ፣ ታንከሩን ሊሞላ እስኪደርስ በውሃ ሙሉት፣ የሚያብላላውን ምርት ጨምሩና ሌሊቱን ይደር። ከተቻለ ጥቂት ቀን ይቆይ። ከዚያ ድፉ፣ ድገሙት። ካራቫኑ መንቀሳቀስ የሚችል ከሆነ ሞልታችሁ አጭር ጉዞ ሂዱ፤ መናጡ ከምንም በላይ ያግዛል። የፈላ ውሃ አታፍስሱ፤ ፕላስቲኩንና ማሸጊያውን ይጎዳል። በሹል ብረት መውጋትም ታንከሩን ይበሳዋል።

በብርድ ጊዜ

ውጭ ያለ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ትንሽ የሚንጠባጠብ ውሃ ንብርብር እየሠራ በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ብርድ ሲመጣ ግራጫውንም ዝጉ፤ ሲሞላ ቀኑ ሞቅ ባለበት ሰዓት በአንዴ ልቀቁ፤ ቱቦውን አራግፋችሁ አስገቡት። ለታንከር የሚሸጥ የማሞቂያ ምንጣፍም አለ። አንቲፍሪዝ መጨመር ካስፈለገ ለካራቫን የተሠራውን፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበትን ምረጡ። ለመኪና ሞተር የሚሸጠው በአብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል ነው፤ ለሰውም ለእንስሳም መርዝ ስለሆነ ወደ ፍሳሽ አይገባም።