ጽጌረዳችሁ ስትታመም እነዚህን አታድርጉ

አራት ኪሎ አካባቢ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ከሁለት ወንበር በላይ አይዝም። ጥጉ ላይ ግን አንዲት ቀይ ጽጌረዳ አለችኝ። እናቴ ከግቢዋ ቅርንጫፍ ቆርጣ ያጸደቀችልኝ ናት። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ጀመረ። በጣም ደነገጥኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ውሃ ጨመርኩላት፣ ማዳበሪያ ሰጠኋት፣ ቦታ ቀየርኩላት። ይባስ ብሎ ለግላጋው ጫፏም መጠውለግ ጀመረ።

አበባ ሲታመምብን ብዙዎቻችን እንደዚህ ነን። ሳንመረምር እናክማለን። ከዚያ ወዲህ የተማርኩትንና በየጎረቤቱ በረንዳ የማየውን ልንገራችሁ።

ጠወለገች ብሎ ውሃ መድፋት

ዋናው ስህተት ይኼ ነው። ጽጌረዳ ውሃ ሲጠማት ትጠወልጋለች፤ ውሃ ሲበዛባትም ትጠወልጋለች። ሥር አየር ይፈልጋል። በአፈሩ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ውሃ ከሞላው ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ጭቃ ውስጥ ቆማ በውሃ ጥም ትጠወልጋለች። እኛ ያንን አይተን ሌላ ጆግ ውሃ እንደፋባታለን።

መለያው በእጃችሁ ነው። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ደርቆ ካገኛችሁት ውሃው ከታች እስኪወጣ አጠጡ። ከቀዘቀዛችሁና ጭቃ ከለጠፈባችሁ ተዉት፤ በነጋታው ደግማችሁ ንኩት።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለን ሰዎች ደግሞ የራሳችን ችግር አለብን። ውሃው የመጣ ቀን «ነገ ይጠፋል» ብለን ለአበባውም አስቀድመን እናጠጣለን። አበባ እንደ በርሜል አያጠራቅምም። ከጀሪካኑ አንድ ሁለት ሊትር አስቀሩላትና ሲደርቅባት ስጧት።

«በሳምንት ሁለት ቀን» የሚባለውንም አትመኑት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የሚያገኛት በረንዳ ላይ ካለች ጭራሽ ላያስፈልጋት ይችላል። ከጥቅምት በኋላ ግን ፀሐዩና ንፋሱ ትንሽ ባልዲን ቶሎ ያደርቁታል።

ውሃ መውጫ የሌለው ባልዲ

የእኔዋ ሕመም መነሻው እዚህ ነበር። የተተከለችው በቀለም ባልዲ ነው። ከሥሩ ተበስቶ ነበር፤ ግን ሴራሚኩ ላይ ልጥፍ ብሎ ስለተቀመጠ ቀዳዳው ተደፍኗል። መንገድ ዳር ችግኝ ለሚሸጥ ሰው ብነግረው «እህቴ፣ ቅጠሏን ተዪው፤ ሥሯን አይተሻል?» አለኝ።

ቤት ገብቼ ባልዲውን አጋድሜ ቀስ ብዬ አወጣኋት። የቆመ ኩሬ ሽታ ሸተተኝ። የታችኞቹ ሥሮች ጠቁረዋል። አንዱን በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርገው ላዩ እንደ ረጠበ ወረቀት ተላጠና ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንከር ያለ ነው፤ ቢስቡት አይላጥም። የበሰበሰውን በሙሉ በንጹሕ መቀስ ቆርጬ በአዲስ አፈር መለስኳት።

ባልዲውን በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ከሥሩ ሦስት የብሎኬት ስባሪ አድርጉና ከወለሉ ከፍ ይበል። ውስጡ ከታች ጠጠር መደርደር ግን እንደሚወራው አይጠቅምም። አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ውሃው ወደ ጠጠሩ አይወርድም። ስለዚህ ጭቃው ወደ ሥሩ ይበልጥ ይጠጋል።

የተገኘውን አፈር መሙላት

መሀል ከተማ ግንባታ በበዛበት ሁሉ የተቆፈረ አፈር ይገኛል። ዋልካ ከሆነ ለባልዲ አይሆንም፤ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እኔ የምጠቀመው ሁለት እጅ ቀይ የጓሮ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው።

የታመመችን በማዳበሪያ ማጣደፍ

ከአልጋ ያልተነሳ በሽተኛ ክትፎ አይቀርብለትም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። እፍኝ ሙሉ ባልዲ ውስጥ ሲገባ እንደ ጨው ሆኖ ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ የተጎዳውን ሥር ያቃጥላል። ትኩስ እበትም እንደዚያው ያቃጥላል። አዲስ ቅጠል አውጥታ እስክታሳያችሁ ምንም አትስጧት።

የቡና አተላ ነገርም አለ። ከጀበናው የቀረውን ሁሉ ባልዲው ላይ መድፋት በየቤቱ የተለመደ ነው። አተላው ሲከማች ላዩ ላይ ይጋገርና ውሃና አየር ይከለክላል። ስኳር ያለበት ከሆነ ጉንዳንም ይጠራል። ኮምፖስቱ ውስጥ ይግባ።

የበረሮ መድኃኒት መንፋት

ለስላሳው ጫፍ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ነፍሳት ተደርድረው ካያችሁ ክሽክሽ ናቸው። ለበረሮ የተሠራው የሚነፋ መድኃኒት ቅጠሉን ያቃጥላል፣ አትሞክሩት። የልብስ ዱቄት ሳሙናም ይጎዳል። አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሩና በነጋታው እዩት። ደህና ከሆነ አመሻሽ ላይ በተለይ የቅጠሉን ሆድ እርጩት። ለጥቂት ክሽክሽማ ጣትና ውሃ ይበቃል።

መቀስ መፍራት

«ቀድሞውንም ታማለች፣ ጭራሽ ልቁረጣት?» ትላለች ጎረቤቴ። አዎ፣ የሞተው ይቆረጥ። ግንዱን በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት። ከልጡ በታች አረንጓዴ ከታየ ሕያው ነው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ አረንጓዴው እስኪመጣ ወደ ታች ቁረጡ። የምትቆርጡበት ቦታ ወደ ውጭ ከሚያይ የቅጠል እንቡጥ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሁን። መቀሱን በአልኮል ጥረጉት። ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን የረገፈ ቅጠልም ከባልዲው ልቀሙ፤ በሽታው ከዚያ ተመልሶ ይነሳል።

ሳሎን ማስገባት

በፍቅር ነው የምናስገባት። ጽጌረዳ ግን በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ትፈልጋለች፤ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አትድንም። ሥሯ የተቆረጠ ሰሞን ብቻ ጥላ ያለበት የበረንዳ ጥግ ስጧት፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ፀሐዩ መልሷት። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍታው ስላለ ኃይለኛ ነው፤ ከጥላ በአንድ ጊዜ ካወጣችኋት ቅጠሏን ይጠብሰዋል። የግንባታ አቧራ ቅጠሏን ከሸፈነውም ጠዋት ላይ እጠቡላት።

ከተከልኳት በኋላ ለሳምንታት ምንም አላሳየችኝም። አውጥቼ ሥሯን ለማየት እጄ ስንት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከተቆረጠው ግንድ ጎን የስንዴ ቅንጣት የምታክል ጥቁር ቀይ ነገር ወጣች። ብዙ ሰው ይህን በሽታ መስሎት ይቀጥፈዋል። አትንኩት። የጽጌረዳ ለጋ ቅጠል ሲወጣ እንዲህ ቀይ ነው፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል።