ከፍተኛ ዲዳክቲብል ያለው ኢንሹራንስ ከኤችኤስኤ ጋር፦ እንዴት ይመረጣል?

አሜሪካ ውስጥ ተቀጥሮ ለሚሠራ ሰው ኦፕን ኢንሮልመንት (የዓመቱ ኢንሹራንስ የሚመረጥበት ወቅት) ሲመጣ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ከደሞዙ በሚቆረጠው ፕሪሚየም ላይ ነው። በሱ ብቻ አትምረጡ። ርካሽ የሚመስለው ፕላን ለአንዱ ቤት ቁጠባ ሲሆን ለሌላው ዕዳ ይሆናል። የትኛው ቤት እንደሆናችሁ የሚነግራችሁ ሒሳብ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

መጀመሪያ ለኤችኤስኤ፣ ማለትም ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ ያለ ታክስ ለሚቀመጥበት የግል አካውንት፣ ብቁ መሆናችሁን እዩ። ዲዳክቲብል ማለት ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ነው፤ ኤችኤስኤ ለመክፈት በ2026 ለአንድ ሰው ቢያንስ 1,700፣ ለቤተሰብ 3,400 ዶላር መሆን አለበት። ከፍ ማለቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ፕላኑ ኤችኤስኤ ይፈቅድ እንደሆነ ኤችአርን ጠይቁ። ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ኢንሹራንስ) የጀመረ ሰው ወደ ኤችኤስኤ ማስገባት አይችልም። ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ በሥራቸው በኩል መደበኛ የሕክምና ኤፍኤስኤ (በአሠሪ በኩል ለሕክምና የሚቀመጥበት ሌላ አካውንት) ካላቸው እናንተም አትችሉም፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ለእያንዳንዱ ፕላን ሁለት ዓመት አስቡ፤ ሐኪም ቤት ያልረገጣችሁበትን እና ኦፕራሲዮን የሆናችሁበትን። ለደህናው ዓመት የአሥራ ሁለት ወር ፕሪሚየም ደምሩና አሠሪው ኤችኤስኤ ውስጥ የሚያስገባላችሁን ቀንሱ። ለክፉው ዓመት በዚያ ላይ አውት ኦፍ ፖኬት ማክሲመሙን ጨምሩ። ይህ ጣሪያው ነው፤ ኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ የተዋዋላቸው ሐኪሞች ዘንድ፣ እስከታከማችሁ ድረስ ፕላኑ ለሚሸፍነው ሕክምና በዓመት ከዚያ በላይ አትጠየቁም።

ለምሳሌ የተለመደው ፕላን በወር 250 ዶላር ይቁረጥ፣ ጣሪያው 4,000 ይሁን። ደህናው ዓመት 3,000፣ ክፉው 7,000 ያስወጣችኋል። ባለ ኤችኤስኤው በወር 110 ይቁረጥ፣ ጣሪያው 5,000 ይሁን፣ አሠሪው 700 ይስጥ። ደህናው 620፣ ክፉው 5,620። ጣሪያው ከፍ ያለው ፕላን በክፉውም ዓመት ረከሰ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ፕላን ፕሪሚየም ወደ 120 አውርዱና ደግማችሁ ሥሩት። ክፉው ዓመት 5,440 ይመጣል። ታማሚ ላለበት ቤት እንግዲህ የተለመደው ይሻላል። ስለዚህ የጎረቤት ምክር አትከተሉ፣ የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ።

ቤተሰብ ከሆናችሁ አንድ ነገር አጣሩ፦ አንድ ልጅ ብቻ ቢታመም ኢንሹራንሱ መቼ መክፈል ይጀምራል? የቤተሰቡ ዲዳክቲብል በሙሉ እስኪሞላ የማይከፍሉ ፕላኖች አሉ።

ሒሳቡ ቢያዋጣም ጥሬ ገንዘቡ አላችሁ ወይ? ዲዳክቲብሉ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ ላይ ከዜሮ ይጀምራል፤ አዲስ የከፈታችሁት ኤችኤስኤ ደግሞ ያኔ ባዶ ነው፣ የሚሞላው በየደሞዙ ነው። ክትባትና ዓመታዊ ምርመራ ያለ ዲዳክቲብል ይሸፈናሉ፣ በየወሩ ውድ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ግን ፋርማሲው መስኮት ላይ ሙሉ ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል። የዲዳክቲብሉን ያህል ተቀማጭ ለሌለው ሰው እኔ ይህን ፕላን አልመክርም።

ከመረጣችሁ ገንዘቡ በቀጥታ ከደሞዝ ይግባ። እንዲህ ሲሆን ከገቢ ታክስ ሌላ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 7.65 በመቶም ይቀርላችኋል። የ2026 ወሰን ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ነው፣ የአሠሪው ድርሻም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። የተረፈው በዓመቱ መጨረሻ አይቃጠልም፣ ሥራ ብትለቁም የእናንተው ነው። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ግን የስቴት ታክሱን አይተዉም።

ወላጅ የምትረዱ፣ ይህን ልብ በሉ። ዜግነትም ግሪን ካርድም ለሌላት፣ አዲስ አበባ ለምትኖር እናታችሁ ሕክምና ከኤችኤስኤ ብትከፍሉ የገቢ ታክስ ይመጣባችኋል፤ ዕድሜያችሁ ከ65 በታች ከሆነ 20 በመቶ ቅጣትም አለው። እሷን ከሌላ ኪስ አሳክሙ። እናንተ ራሳችሁ ለዕረፍት ሄዳችሁ የታመመ ጥርስ እዚያ ብትታከሙ ግን ይቻላል። ቀንና ዋጋ ያለበት ደረሰኝ ተቀበሉና በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ኤችኤስኤው ከተከፈተ በኋላ የወጣ ወጪ እስከሆነ ድረስ ገንዘቡን ከዓመታት በኋላም ማውጣት ትችላላችሁ። ታክስ ስትሠሩ ኤችኤስኤ የሚገለጽበትን ፎርም 8889 አትርሱ።